ነጭ ቧንቧ ለዝናብ ውኃ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ዛሬ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ለማንበብ አይደለም፤ ያቀረብኩት የቧንቧ ዕቃ እንዴት እንደያዘ ለማየት ነው። መብራቱ እንቅስቃሴ ሲያይ ይበራል፣ እንቅስቃሴ ሲያጣ ይጠፋል። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ነው። ይህን ያሰበው ሰው በሕይወቱ አንባቢ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። አንባቢ ምን ያደርጋል? ቁጭ ይላል። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው አዳራሹ ይጨልማል፤ አርባ ሰው እጁን አንስቶ ያወዛውዛል፤ ይበራል፤ አርባ ሰው ወደ ገጹ ይመለሳል። በመስታወቱ ከውጭ ለሚያይ ሰው፣ ቤቱ በሙሉ እየሰመጠ እርዳታ የሚጠራ ይመስላል።

በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ሕንፃው የቆጠበውን ውኃ በሊትር ይናገራል። ቁጥሩ ግሩም ነው። ለምን አይሆን? የማይጠጣ ሰው ውኃ ይቆጥባል። በልጆች ንባብ ክፍል አጠገብ ያለው መጠጫ ከተዘጋ ሁለት ወር ሆኖታል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መግባት ደግሞ ለአካባቢ ሲባል ክልክል ነው። የጠማው ሰው መንገድ ተሻግሮ ከኪዮስኩ የታሸገ ውኃ ይገዛል፣ በር ላይ ቆሞ ይጨርሰዋል፣ ጠርሙሱን ቦይ ውስጥ ወርውሮ ይገባል። ባለ ኪዮስኩ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ አስገብቷል። ሕንፃውን ከልቡ የሚወድ ሰው ካለ እሱ ነው።

የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ታናሽ ወንድሜ ነው። መጠጫው ላይ “ለጥገና ተዘግቷል” ብሎ የለጠፈው እሱ ነው። ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቀው ቫልቩ ነው አለኝ።

ቫልቩን የሸጥኩት እኔ ነኝ። የእኔ ቫልቭ በጥቂት ወር አይበላሽም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

አዲስ ቫልቭ ላክሁለት። መልሶ ላከው። ሱቅሽ ይቀመጥ ብሏል አሉ። ሰው ስጦታ እምቢ ሲል አይቻለሁ፤ ቫልቭ እምቢ ሲል የመጀመሪያዬ ነው።

ለመጠጫው ሲሉ የመጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተውታል። እኔ የሰማሁት ከሰው ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ኃላፊው ሱቄ ድረስ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱን የሚመራ ሰው ነው፤ ንጹሕ ጫማ ያለው፣ ቧንቧ መሐል ሲቆም ሱሪውን የሚሰበስብ። አብሮት ሕንፃውን የነደፈው አርክቴክት ነበር። ይሄን ሰውዬ ሠራተኞቹ ባለንፋሱ ይሉታል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጣሪያው የወጣውን ማማ እያሳየ፣ ሞቃቱ አየር በዚያ ወጥቶ ቀዝቃዛው ከታች እንዴት እንደሚገባ ስለሚያስረዳ ነው። ማማው በእርግጥም ይሠራል። ርግቦቹ ተስማምቷቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገምጋሚዎች ሰኔ 6 ይመጣሉ። ሕንፃው ለአካባቢ ተስማሚ ስለመሆኑ ነጥብ ይሰጣሉ። የጣሪያው ሣር ነጥብ አለው፣ ማማው ነጥብ አለው፣ ከጣሪያው የሚወርደው የዝናብ ውኃ በመሬት ውስጥ ታንከር ተጠራቅሞ ሽንት ቤት ማጠቡ ትልቅ ነጥብ አለው፣ መጠጫውም ነጥብ አለው። ጥሩ ካገኙ፣ በዚሁ ንድፍ የሕዝብ ጤና ጣቢያ ሊሠሩ ነው። “ዕቃ አቅራቢም አንቀይርም” አለ ኃላፊው፣ እያየኝ። እኔም ወንበር አቀረብኩለት።

ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንድምዎ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ትንሽ ይጎትታል፣ ይምከሩት አለኝ። “ልጅ” ብሎ የጠራው ሰው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። እመክረዋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ጎረቤቴ ቀለም ሻጩ ደንበኛውን ሲያጫውት ሰማሁ። “በእህቱ ትከሻ ገብቶ፣ አንድ ቧንቧ መክፈት አቃተው” ይላል። ግድግዳችን ስስ እንደሆነ ያውቃል፤ ግድግዳውን የቀባው እሱ ነው።

ተናደድኩ። በቀለም ሻጩ አይደለም፤ እውነቱን ነው። በወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ለእሱ ያላንኳኳሁት በር የለም። ይሄን ሥራም እኔ ነኝ ያስገኘሁለት። አንድ ቫልቭ ቀይሮ ቢያኮራኝ ምን ነበረበት?

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። ስድስት ወር ሊሞላው ነው፤ የእኛን ጆሮ ወስዷል፤ ያሳዝናል። ደረቅ ወተት ፈልጋ የመጣች መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብላ ሕፃኑን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ እትዬ፣ እሱ ጤና ያለው አይመስለኝም አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ከቤት ሁለት ጀሪካን ውኃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ በብስክሌት ጭኖ ይሄዳል አለች። ለምንድን ነው ብትለው፣ ለልጆቹ አላት። የትኞቹ ልጆች? የሚያነቡት።

እኔ እንግዲህ ይሄን ሰምቼ ምን አልኩ? “ቫልቭ መቀየር ይቀለው ነበር” አልኩ። እሷም ሳቀች። ሳቋ አልጣመኝም።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ጭነት ገባ። ሁለት መኪና። ከጠዋት እስከ ማታ ቆምኩ። እግሬ። ደመና ነበር፣ አለፈ። ጎሽ።

ለምን ጎሽ እንዳልኩ አላውቅም። ሰው ሁሉ ዝናብ እየለመነ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛልና አንድ ነገር ልጻፍ። ምንም ማለት አይደለም፤ ትዝ ስላለኝ ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ የሕንፃው ቧንቧ ሲዘረጋ፣ ንድፉ ሁለት ዓይነት ቧንቧ ይጠይቅ ነበር። ከከተማው ለሚመጣው ውኃ ነጭ፤ ከዝናብ ታንከሩ ወደ ሽንት ቤት ለሚሄደው አረንጓዴ። ሁለቱ ኮርኒሱ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። የነጩ ዕቃ በመጋዘኔ ነበረ። የአረንጓዴው መንገድ ላይ ዘገየ። ምረቃው ቀን ተቆርጦለታል። ስለዚህ ሁሉንም ነጭ ላክሁ። ቧንቧ ቧንቧ ነው፤ ጥራቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቀለሙ ብቻ ነው። ወንድሜን፣ ሠራተኞቹ ሲዘረጉ አጠገባቸው ቆመህ የዝናቡን በአረንጓዴ ቀለም ምልክት አድርግበት አልኩት። እሺ እታለም አለ። እሱ እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያ ሳምንት ሚስቱ ምጥ ያዛት። ሦስት ቀን ሆነባት። ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ አደረ። ሲመለስ ኮርኒሱ ተዘግቷል።

በእርግጥ አልተመለሰም ነበር። ኮርኒሱ ሐሙስ ተዘጋ፣ ርክክቡ ዓርብ መፈረም ነበረበት። በጥገና በኩል የሚፈርመው እሱ ስለነበር ሰነዱን ሐኪም ቤት የወሰድኩለት እኔ ነኝ። “ቧንቧዎቹ በንድፉ መሠረት ተለይተው ምልክት ተደርጎባቸዋል” የሚል መስመር አለበት። ምልክቱን አድርገዋል ወይ አለኝ። አድርገዋል አልኩት። አድርገዋል ብዬ ስላሰብኩ ነው። አልጠየቅሁም እንጂ አስቤአለሁ። ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ ከክፍሉ ውስጥ ሚስቱ ስትጮኽ ይሰማ ነበር። እስክሪብቶው የእኔ ነው።

ይኸው ነው። ሥራ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሁሉም ነጋዴ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ሁለተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። “ትእዛዝ ባለመቀበል።” ዛሬ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ከብስክሌቱ ኋላ ባዶ ጀሪካኖቹ ይንኳኳሉ። ከሥቷል። እንዴት ነሽ እታለም አለኝ። ደህና አልኩት። ሰማዩን አየ። እኔም አየሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ሕንፃው እሑድ ዝግ ነው። ቫልቩን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ፤ ሰው ቢጠይቀኝ ምክንያት እንዲሆነኝ። ወንድሜን መጠጫው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቫልቩን አውጥቼ አጠገቡ አኖርኩ። አየውና ፈገግ አለ።

“ቫልቩ ጤነኛ ነው” አለኝ። “አንቺም ታውቂያለሽ።”

የካቲት ላይ ያለጊዜው አንድ ቀን ዘንቦ ነበር። እኔ ያን ቀን ያስታወስኩት ሲሚንቶ ስለረጠበብኝ ነው። እሱ የሚያስታውሰው በሌላ ነው። ከዚያ በፊት ታንከሩ ለሙከራ በከተማ ውኃ ስለተሞላ፣ የትኛው ቧንቧ የት እንደሚሄድ የሚያሳይ ነገር አልነበረም። ዝናቡ ገባ። በማግሥቱ ከመጠጫው የመጣው ውኃ ሣር ሣር፣ ርግብ ርግብ ይሸት ነበር። ዘጋው። ከመዝጋቱ በፊት ሦስት ልጆች ጠጥተው ነበር።

“ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው” አለ። “ሁለቱ ሰኞ መጡ። ሦስተኛዋ እስከ ዓርብ ቆየች።”

መጣች ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። መጥታለች፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ደግሞም አልቻልኩም።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት፣ በቁጣ። ነገርኩሽ እኮ አለኝ። ሱቅ ድረስ መጥቼ፣ እታለም ያ ነጩ ቧንቧ ብዬ ስጀምር፣ ደንበኛ አለ ቆይ አልሽኝ። ቆየሁ። ምሳ ሰዓት ሆነ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሁለተኛም መጣሁ። ያን ቀንም ደንበኛ ነበር።

ትክክል ነው። ሱቄ ደንበኛ አያጣም።

አላመንኩም ብዬ፣ እንፈትሽ አልኩ። ሱቄ በር ላይ ከምትነግደው ሴት የልብስ ሰማያዊ ማቅለሚያ ገዝቼ መጣሁ። ታንከሩን ከፍቶ ጨመረበት፤ ፓምፑን አስነሳ። ሽንት ቤቱን ብንለቅቀው ንጹሕ የከተማ ውኃ ወረደ፤ በደንብ የተጣራ፣ የታከመ፣ ገንዘብ የተከፈለበት ውኃ። መጠጫውን ከፈተ። ትንሽ አንኳኳ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ሰማያዊ ውኃ በሕፃን አፍ ቁመት ቅልብጭ ብሎ ወጣ።

ቆመን አየነው። ምናልባት አምስት ደቂቃ። መብራቱ ጠፋብን፤ እጁን ያነሳ የለም።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

በረጋ መንፈስ ማሰብ ያስፈልጋል። እኔ የምታወቀው በዚህ ነው።

አንደኛው መንገድ ዝም ማለት ነው። እሱ መጠጫውን እንደዘጋ ይቆያል። ይባረራል። የሚተካው ሰው ብርቱ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ቀን ይከፍተዋል።

ሁለተኛው፣ ኮርኒሱን በእሑድ በድብቅ ማፍረስ ነው። ወንድሜ ይሄን ነው የሚፈልገው። በአንድ እሑድ አይደለም በስድስትም አያልቅም አልኩት። የሕፃኑ ዕድሜ ነው እንግዲህ አለኝ። ስህተቱ ከሕፃኑ ጋር በአንድ ሳምንት ተወልዶ ስድስት ወር ሞልቶታል ማለቱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ አለ። ስለ እሱ ነገ አስባለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ነገ አልኩ፤ አላሰብኩም። ኃላፊው ቀደመኝ።

በስልክ ጠራኝ። ሰኔ 5 የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሰበሰባል አለ፤ ገምጋሚዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ጉዳዩ እንዲያልቅ። ወንድምዎን መበደል አንፈልግም፤ ግን ሰውዬው ቫልቩ ተበላሽቷል ይላል። እርስዎ አቅራቢ ነዎት፤ መጥተው ቫልቩ ጤነኛ መሆኑን ብቻ ይመስክሩልን። “ስለ ቫልቩ ብቻ” አለኝ ደግሞ። ወዲያው በዚያው ትንፋሽ ስለ ጤና ጣቢያው አወራ፤ ንድፉ እያለቀ ነው፣ ዕቃ ዝርዝሩን በቅርቡ እልክልዎታለሁ።

ልብ በሉ፤ ማንም እንድዋሽ አልጠየቀኝም። ቫልቩ ጤነኛ ነው። በእውነት ብቻ ወንድሜን ማባረር ይቻላል።

ጤና ጣቢያ። መጠጫውን በሽተኞች ይጠጡታል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ሦስተኛው ደብዳቤ። የስብሰባ ጥሪም አብሮ። ሚስቱ ደወለች፣ አላነሳሁም። ቁጥር ስደምር ተሳሳትኩ፤ ሁለት ጊዜ። ቀለም ሻጩ ዛሬ አመመሽ ወይ አለኝ። ሰው ሲሸትተው!

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ዘነበ።

ከሰዓት በኋላ ጀመረ፣ አላባራም። ሰዎች ከሱቁ በር ላይ ተሰብስበው እየሳቁ አዩት። በከተማው ውስጥ የተከፋሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ኃላፊው የሠራተኞቹን ስብሰባ አቋርጦ ውጪ ወጥቶ አጨበጨበ ብለው ነገሩኝ። ወንድሜ ማቅለሚያውን ካፈሰሰው ወዲህ ባዶ የነበረው ታንከር ሞላ፤ ሰሌዳው ቁጥር ጨመረ። ባለንፋሱ ፎቶ አነሳ። ሐሙስ ወንድሜ ከሄደ በኋላ መጠጫውን የሚከፍት ቧንቧ ሠራተኛ ተቀጥሯል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ጠዋት በማለዳ ወንድሜ ጋ ሄጄ፣ ክፈትልኝ አልኩት። ከመጠጫው አንድ ጠርሙስ ሞላሁ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ደንቡን ጥሼ። ምን ልታደርጊ ነው አለኝ። ደንበኛ አለ ቆይ አልኩት። ሳቀ፤ ከየካቲት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት የዛሬውን ነው።

ስብሰባው ላይ ኃላፊው፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ ጸሐፊዋ፣ እና ማን እንደጠራው የማላውቀው ባለንፋሱ ነበሩ። ወንድሜ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ የሠርግ ኮቱን ለብሶ። ቫልቩ ጤነኛ ነው ወይ ተባልኩ። ጤነኛ ነው አልኩ። ኃላፊው አመሰግናለሁ ብሎ ወረቀቱን ሊሰበስብ ሲል፣ አልጨረስኩም አልኩ።

ምን እንዳልኩ በትክክል ላስፍር፣ ምክንያቱም ነገ ሰው ሌላ ይላል። “የተሳሳተው ቧንቧው ነው። አረንጓዴ አጥቼ ነጭ የሸጥኩ እኔ ነኝ። ምልክት መደረጉን ሳላይ ተደርጓል ያልኩ እኔ ነኝ። እሱ ሚስቱ ምጥ ላይ ሳለች ሰነዱን ወስጄ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ሽንት ቤታችሁ የከተማውን ውኃ ይጠጣል፤ ልጆቹ የጣሪያውን። እሱ የዘጋው ለዚህ ነው።”

 

ኃላፊው የተናገረው ይሄ ነው፦ “ይሄን ከነገ በኋላ ቢነግሩን ምን ነበረበት?”

ባለንፋሱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ውኃው በሕያው ጣሪያ ላይ ሲያልፍ በሣሩና በአፈሩ በተፈጥሮ መንገድ እንደሚጣራ፣ ጉዳዩም ከሚታሰበው ያነሰ እንደሆነ አስረዳ። ጠርሙሱን አውጥቼ ፊቱ አቆምኩት። ቀለሙ ሻይ ነው፤ አንዲት ላባ ነገር ትዋኛለች።

“ይጠጡ” አልኩት።

“አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት” አለ፣ በጨዋነት።

ሌላ የተቃወመ አልነበረም።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ኮርኒሱን ሌሊቱን ሙሉ አፈረስን። የሰው ኃይሉም ዕቃውም የእኔ ነው፤ ያለ ክርክር። ገምጋሚዎቹ አራት ሰዓት ላይ ሲገቡ ኮርኒሱ አንጀቱን ዘርግፎ ነበር። አንደኛዋ ቀና ብላ አይታ፣ ይሄ ሆን ተብሎ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ባለንፋሱ ምንም ሳይደነግጥ፣ ተጠቃሚው የሕንፃውን አሠራር እንዲያይ ነው አላት። ጻፈች። ደስ ያላት ትመስል ነበር።

ይሄን ሰውዬ ሱቄ ብቀጥረው ዝገት ይሸጥልኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ጤና ጣቢያውን ለሌላ ነጋዴ ሰጡት። አረንጓዴ ቧንቧ በብዛት እንዳለው ለማረጋገጥ መጋዘኑ ድረስ ሄደው አዩ አሉ። ሰው ይማራል። ቀለም ሻጩ አጽናናኝ፤ ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር አለኝ። ከልቡ ነው።

ወንድሜ አልተባረረም። ሦስቱ ደብዳቤዎች ግን አይነሡም፤ ፋይል ውስጥ የገባ ወረቀት አይወጣም አሉ። ይልቅ አራተኛ ጨመሩለት፣ ሳያይ በመፈረሙ። ለሁለት ወር ደመወዙ ይቀነሳል። እኔ ልሙላልህ ብዬ ብሩን ላክሁለት። ቫልቩን እንደመለሰው መለሰው። ከሐሙስ ወዲህ ሱቅ አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ መጠጫው አሁን ክፍት ነውና ልጆች ይሰለፋሉ።

ዛሬ ጸሐፊዋ በቃለ ጉባኤው ላይ እንደ ምስክር እንድፈርም ጠራችኝ። ስድስት ገጽ ነው። ፊርማው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ከኋላዬ ባለጉዳይ ቆሟል፣ እስክሪብቶውን ዘርግታልኛለች፣ እዚህ ጋ ብቻ ነው እትዬ አለችኝ።

ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው አነበብኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ወንድሜን ጠይቀውታል፦ ሰነዱን ሳያነቡ ለምን ፈረሙ? መልሱ አንድ መስመር ነው።

“ያመጣችው እህቴ ስለሆነች።”

ጸሐፊዋ ችግር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። መስመሯን እንደገና አነበብኳትና ከሥር ፈረምኩ።